የኮርኒያ ፈንገስ፦ ከአምስቱ የምርመራ መንገዶች የትኛው ይቅደም?

በደምቢያ ሜዳ የጤፍ ውቂያ ሲጀመር፣ በመተማና በቋራ ቆላም የማሽላው አጨዳ ሲጧጧፍ፣ ለዓይን ሕክምና ወደ ጎንደር ከሚመጡት ሰዎች መካከል አንድ ዓይኑን በጋቢ ጫፍ ሸፍኖ የሚቀመጥ ገበሬ አይጠፋም። «አባቴ፣ ምን ነካዎት?» ሲባል «የማሽላ ቅጠል ገረፈኝ፣ ልጄ። መጀመሪያ ቆረቆረኝ፣ ኋላ ነጭ ነገር ጣለብኝ» ይላል። ቀጥሎም ከኪሱ ሁለት ሦስት የጠብታ ጠርሙስ ያወጣል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ከዚህ በኋላ ያለውን ውሳኔ ነው፤ ማለትም ያ ነጭ ነገር ባክቴሪያ ይሁን ፈንገስ ለመለየት ካሉት የምርመራ አማራጮች የትኛው መቅደም፣ የትኛው መከተል እንዳለበት፣ የትኛውስ እኛ ባለንበት ሁኔታ ጊዜና ገንዘብ ከማባከን እንደማያልፍ ያነጻጽራል። በዋናነት የተጻፈው በዓይን ክፍልና በላብራቶሪ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው፤ ይሁን እንጂ የታመመ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብም የዘመዱ ዓይን ለምን እንደሚፋቅ ቢረዳ መልካም ነው።

ኮርኒያ የምንለው ጥቁሩን የዓይን ክፍል ከፊት የሚሸፍነውን፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለውን ሽፋን ነው። ውፍረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ገለባ፣ እሾህ ወይም ቅጠል የላይኛውን ሽፋን ሲልጠው፣ ከአፈርና ከእህል ጋር የሚኖሩ ፉዛሪየምና አስፐርጂለስ የተባሉ ክራማ (እንደ ክር እየረዘሙ የሚያድጉ) ፈንገሶች ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ካንዲዳ የተባለው ሌላ ፈንገስ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ አስቀድሞ የታመመ ወይም ስቴሮይድ (መቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ሲጨመርበት የቆየ ዓይን ይመርጣል። የበሽታው ከእርሻ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቴዎዶር ሌበር እ.ኤ.አ. በ1879 ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሰፈረው የኮርኒያ ፈንገስ፣ እህል ሲወቃ የአጃ ገለባ ዓይኑን በመታው ገበሬ ላይ የታየ ነበር። አውድማው የጀርመን ይሁን እንጂ ታሪኩ ከደምቢያዋ ኮላድባ ገበሬ ታሪክ ብዙም አይለይም።

ፈንገስን ከባክቴሪያ ሳይለዩ ሕክምና መጀመር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ፈንገስን አይገድልም፤ ታማሚው «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ብሎ ሲጠብቅ ቁስለቱ በየቀኑ ወደ ጥልቅ ይሄዳል። ሁለተኛውና የከፋው፣ መቅላቱን ለማብረድ ተብሎ የሚሰጠው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ዓይኑን ለጥቂት ቀናት ያሻለው አስመስሎ ፈንገሱን ያፋፋዋል።

በዓይን አይቶ መፍረድ

የመጀመሪያው አማራጭ በስሊት ላምፕ፣ ማለትም ዓይንን በቀጭን ብርሃን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ ማየት ብቻ ነው። ወጪ የለውም፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ማንም ሊያስቀረው አይገባም። ፈንገስን የሚያስጠረጥሩት ምልክቶችም ይታወቃሉ፤ ጠርዙ እንደ ላባ የተበታተነ ወይም እንደ መጋዝ የተከተፈ ቁስለት፣ ከፍ ብሎ የደረቀ ገጽ፣ ከዋናው ቁስለት ራቅ ብለው የሚታዩ ትናንሽ ነጭ ነጥቦች፣ ከቢጫ የተለየ ቀለም፣ ከኮርኒያው ጀርባ የሚለጠፍ ነጭ ንጣፍ። ታማሚው የሚነግረን ሕመም ከምናየው ጉዳት ያነሰ ሆኖ ሲገኝም ጥርጣሬው ይጨምራል።

ችግሩ እነዚህ ምልክቶች በበቂ ሁኔታ የሚለዩ አለመሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመጋዝ መሰሉ ጠርዝ፣ ከፍ ካለው ገጽና ከቢጫ ከተለየው ቀለም አንዱ ብቻ ሲገኝ ቁስለቱ ፈንገስ የመሆኑ ዕድል 63 በመቶ፣ ሦስቱም ሲገኙ 83 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኮርኒያ ስፔሻሊስቶች ፎቶግራፍ እያዩ ባክቴሪያውን ከፈንገስ እንዲለዩ ሲጠየቁ በትክክል የለዩት 66 በመቶውን ነው። ልምድ ያለው ሰው ከሦስት አንዱን ከሳተ፣ «እኔ ሳየው አውቀዋለሁ» የሚለው አነጋገር ለታማሚው ዓይን የሚያስተማምን አይደለም። ስለዚህ ስሊት ላምፕን የምመርጠው ለመፍረድ ሳይሆን ለመምራት ነው፤ የት እንደሚፋቅ፣ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ ኮርኒያው ለመበሳት የተቃረበ መሆን አለመሆኑን ይነግረናል። ፍሉረሲን ቀለም ጨምሮ የሄርፒስ ቫይረስን እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ቁስለት መለየትም የዚሁ ምርመራ ድርሻ ነው።

የኮርኒያ ፍቅፋቂ በማይክሮስኮፕ

ሁለተኛው አማራጭ ከቁስለቱ ናሙና ፍቆ ወዲያውኑ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በእኔ እምነት፣ ጎንደር ላይ ሆኖ አንድ ምርመራ ብቻ እንዲመርጥ የተገደደ ሰው መምረጥ ያለበት ይህንን ነው። ለዚህም ነው ከሌሎቹ ይልቅ በዚህኛው ላይ የምቆየው።

አፋፋቁ ውጤቱን ይወስነዋል። ዓይኑ በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ፣ ቁስለቱ ላይ የተጋገረው ልልና የሞተ ነገር ተነሥቶ፣ ንጹሕ ስፓቱላ፣ የቀዶ ጥገና ምላጭ ወይም ጫፉ የታጠፈ መርፌ ተይዞ ከቁስለቱ ጠርዝና ከመሠረቱ ይፋቃል። ላዩን ብቻ ዳበስ አድርጎ የተወሰደ ናሙና ንፍጥና የሞተ ሕዋስ ብቻ ያሳያል፤ ፈንገሱ ያለው ከሥር ነው። በጥጥ የሚወሰድ ናሙና እዚህ ቦታ የለውም። ከሌላ ከተማ በደረቅ ጥጥ ተጠቅልሎ፣ በባዶ ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ የደረሰን ናሙና አስታውሳለሁ፤ ታማሚው ሕመሙን ችሎ የተፋቀው በከንቱ ነበር፤ እንደገና ጎንደር መጥቶ መፋቅ ግድ ሆነበት።

ስላይዱ ላይ ለሚጨመረው ነገር ያሉት ምርጫዎች አራት ያህል ናቸው። የመጀመሪያው 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በላብራቶሪ ቋንቋ ኬኦኤች ነው። አንድ ጠብታ በናሙናው ላይ ተጨምሮ፣ በመሸፈኛ መስታወት ተከድኖ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሲቆይ የሰውን ሕዋስ ያሟሟዋል፤ የፈንገሱ ግድግዳ ግን አይሟሟም። በጣም ርካሽ ነው፤ ማንኛውም የቆዳ ፈንገስ የሚመረምር ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። የሚጠይቀው የአንባቢውን ዓይን ነው። የማይክሮስኮፑን ኮንደንሰር (ብርሃን ሰብሳቢ) ዝቅ አድርጎ ብርሃኑን መቀነስ፣ በአሥር እጥፍ ኦብጀክቲቭ (ሌንስ) ስላይዱን ዳር እስከ ዳር መፈተሽ፣ አጠራጣሪውን በአርባ እጥፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብርሃኑ ከበዛ ፈንገሱ እንደ መስታወት ያሳልፈውና ከዓይን ይሰወራል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የጥጥ ክር አይቼ «የፈንገስ ክር ታይቷል» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ፤ ስሕተቱን ያረመኝ አብሮኝ የነበረ አንጋፋ ባለሙያ ነው። ልዩነቱን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። እውነተኛው የፈንገስ ክር ሁለት ግድግዳዎቹ ጎን ለጎን እኩል እየሄዱ፣ ስፋቱን ሳይለውጥ ይጓዛል፤ በየመካከሉ እንደ ሸንበቆ አንጓ ያለ ክፋይ አለው፤ ቅርንጫፍም ያወጣል። የጥጥ ክር ግን ጠፍጣፋና የተጠማዘዘ ነው፤ አንጓ የለውም፣ ስፋቱም አንድ ቦታ ይሰፋል፣ ሌላ ቦታ ይጠብባል። የመስታወት ጭረትም ያታልላል፤ ፎከሱን ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ጭረቱ ከናሙናው ጋር በአንድ ደረጃ ላይ እንዳልሆነ ይጋለጣል። ስላይዱ ሲደርቅ ኬኦኤች ራሱ ክሪስታል ስለሚሠራ ማንበቡ ለከሰዓት አይተውም።

ሁለተኛው የግራም ቀለም ነው። ለፈንገስ ብቻ ከሆነ ከኬኦኤች አይበልጥም፤ የፈንገስ ክር አንዳንዴ ቀለሙን ይይዛል፣ አንዳንዴ እንደ ጥላ ደብዝዞ ያልፋል። የሚጠቅመው ባክቴሪያ ስለሚያሳይ ነው። ፈንገስና ባክቴሪያ በአንድ ቁስለት አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ሁለቱን ስላይዶች በአንድ ቁጭታ ማዘጋጀት አንዱን ከሌላው ከማወዳደር የተሻለ ነው። ሦስተኛው ጊምዛ የተባለ ቀለም ሲሆን፣ ፈንገስ የሚመስለውን አካንታሜባ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ለመፈለግ ይረዳል፤ በተለይ ዓይኑን በወንዝ ወይም በኩሬ ውኃ ያጠበ፣ ሕመሙም ካየነው ቁስለት በላይ የበረታበት ታማሚ ሲገጥም ይታሰባል።

አራተኛው ካልኮፍሎር ዋይት የተባለ ቀለም ነው። በፈንገሱ ግድግዳ ላይ ካለው ካይቲን ጋር ተጣብቆ በጨለማ ውስጥ እንዲያበራ ስለሚያደርገው፣ ለጀማሪ አንባቢም ማየቱ ይቀላል። የሚፈልገው ግን የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም የሚያበራ ቀለም የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ፣ ነው። «ለነቀርሳ የምንጠቀምበት አለ አይደል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ለነቀርሳ አክታ ምርመራ የሚያገለግለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ ነው፤ ካልኮፍሎር የሚፈልገው ደግሞ አልትራቫዮሌት ወይም ወደ ወይን ጠጅ የቀረበ ብርሃን ነው። ስለዚህ ቀለሙን ከማዘዝ በፊት የማይክሮስኮፑን ፊልተር መመልከት ይገባል፤ ቀለሙ ተገዝቶ ተመልካች መሣሪያ ማጣት ያሳዝናል። መሣሪያው ካለ ካልኮፍሎርን እመርጣለሁ፤ ከሌለ በጥንቃቄ የተነበበ ኬኦኤች ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ካልቸር

ሦስተኛው አማራጭ ናሙናውን ማብቀል ነው። ስላይድ «ፈንገስ አለ» ይላል፤ የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ግን የሚናገረው ካልቸር ነው። ልዩነቱ ከመድኃኒት ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። 5 በመቶ ናታማይሲን ጠብታ በክራማ ፈንገሶች ላይ፣ በተለይም በፉዛሪየም ላይ፣ ከቮሪኮናዞል ጠብታ የተሻለ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመው፣ በሕንድ በ323 ታማሚዎች ላይ የተካሄደው ሙከራ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ናታማይሲንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለካንዲዳ ግን አምፎቴሪሲን ቢ ይመረጣል። በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኘው የፍሉኮናዞል እንክብል በፉዛሪየምና በአስፐርጂለስ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ኃይል የለውም።

ለፈንገስ የተለመደው ማብቀያ ሳቦሮ ዴክስትሮዝ አጋር ነው። ማብቀያ ሲገዛ ወይም ሲዘጋጅ አንድ ነገር መፈተሽ አለበት፤ ባክቴሪያን የሚከላከል ክሎራምፌኒኮል ቢኖርበት መልካም ሲሆን፣ ለቆዳ ፈንገስ ተብሎ ሳይክሎሄክሳሚድ የተጨመረበት ከሆነ ግን ልንፈልጋቸው የወጣናቸውን ፈንገሶች ራሱ ያግዳቸዋል። ሳቦሮ ካልቀረበ የደም አጋርም ፉዛሪየምንና አስፐርጂለስን ያበቅላል። ናሙናው በአጋሩ ገጽ ላይ በግማሽ ክብ መስመሮች ይጫራል፤ በመስመሩ ላይ የበቀለው ከዓይን የመጣ፣ ከመስመሩ ውጭ የበቀለው ከአየር የወደቀ ነው ብሎ ለመገመት ይረዳል። በሁለት ማብቀያ ላይ አንድ ዓይነት ፈንገስ ሲወጣ፣ ወይም በአንዱ ወጥቶ በስላይድም ሲታይ፣ ውጤቱን ያለ ማመንታት መቀበል ይቻላል።

የጎንደር አየር እዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። መጻሕፍት «በክፍል ሙቀት ይቀመጥ» ሲሉ የሚያስቡት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን የሌሊት ብርድ ይህን ያህል ሙቀት አይሰጥም። መደርደሪያ ላይ የተተወ ፕሌት (የማብቀያ ሳህን) ይዘገያል፣ ሐኪሙም «አልበቀለም» የሚል ወረቀት በማይገባው ጊዜ ይደርሰዋል። ሙቀቱ የተስተካከለ ኢንኩቤተር ካለ አብዛኛው የኮርኒያ ፈንገስ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ ያልበቀለውን ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይጠብቁ መጣል አይገባም። ፉዛሪየም መጀመሪያ እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ላክቶፌኖል ኮተን ብሉ በተባለ ቀለም ሲታይ ዘሮቹ ሁለት ጫፋቸው ቀጥኖ የታጠፉ፣ ልክ እንደ ጣና ታንኳ ናቸው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ ደግሞ ወደ ቢጫነት ባዘነበለ አረንጓዴ ይታወቃል።

ስለዚህ ስላይድና ካልቸር ሲነጻጸሩ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዝርዝር ተናጋሪ ነው። ናሙናው ለሁለቱም የሚበቃ ከሆነ ሁለቱም ይሠሩ። በጣም ጥቂት ከሆነ ስላይዱን አስቀድማለሁ፤ ዛሬ ማታ የሚጀመረውን መድኃኒት የሚወስነው እሱ ነውና። በዚህ የማይስማሙ፣ ማብቀያውን የሚያስቀድሙ ባልደረቦች አሉ፤ የእነሱ ሐሳብ ሚዛን የሚደፋው ግን ታማሚው አልጋ ይዞ የሚጠብቅበት፣ ላብራቶሪውም በየቀኑ የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው።

ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ እና ፒሲአር

አራተኛው አማራጭ ኮርኒያውን ሳይፍቁ፣ ሕያው እንዳለ በውስጡ የሚያሳይ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ነው። መርፌ የማይደርስበት ጥልቀት ያለውን የፈንገስ ክር ያሳያል፤ ውጤቱም ታማሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከደቡብ ሕንድ የወጣ ጥናት ፈንገስ ካለባቸው ውስጥ 86 በመቶ የሚሆኑትን እንደለየ ዘግቧል። ነገር ግን መሣሪያው ውድ ነው፣ የሠለጠነ አንባቢ ይፈልጋል፣ ዓይኑን ማርጋት ለማይችል ሕፃን ወይም ለተጨነቀ ታማሚ አይመችም፤ የፈንገሱን ዓይነት በእርግጠኝነት አይናገርም።

ከኮንፎካል ጋር በአንድ ረድፍ የማስቀምጠው ፒሲአር የፈንገሱን ዘረ መል አባዝቶ በሰዓታት ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ጥቂት ናሙናም ይበቃዋል። ድክመቱ የሞተውንም፣ ከአየር የገባውንም አብሮ ማባዛቱ ነው። ሕክምና በጀመረ ዓይን ላይ «አለ» ቢል፣ ያለው ሕያው ይሁን የሞተ ቅሪት አይለይም። ሁለቱም ኬኦኤችንና ካልቸርን የሚደግፉ እንጂ የሚተኩ አይደሉም። ለምርመራ የተመደበ ገንዘብ ያለው ክፍል ቢያማክረኝ፣ ከእነዚህ አንዱን ከመግዛቱ በፊት ማብቀያው ሳይቋረጥ የሚቀርብበትንና ስላይድ አንባቢው ቅዳሜና እሑድም የሚገኝበትን መንገድ እንዲያበጅ እመክረዋለሁ።

ባዮፕሲ

አምስተኛው ከኮርኒያው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጦ መውሰድ ነው። ተደጋግሞ የተፋቀው ሁሉ ባዶ ሲሆንና ቁስለቱ ግን ሲብስ፣ ወይም ኢንፌክሽኑ ላዩ ደኅና ሆኖ በጥልቅ ሲቀመጥ ይታሰባል። ቁራጩ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለካልቸር፣ ግማሹ ለፓቶሎጂ (ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ይላካል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት ሁሉንም ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ኬሚካል) ውስጥ መክተት ነው፤ ፎርማሊን የገባ ቁራጭ ከእንግዲህ አይበቅልም።

ለማን የትኛው?

ቁስሉ የሳምንት ዕድሜ ያለው፣ በገለባ ወይም በቅጠል የተመታ፣ ኮርኒያውም ያልሳሳ ታማሚ በዚያው ቀን ይፋቅ፤ ኬኦኤች፣ ግራምና ካልቸር አብረው ይሠሩ። ኬኦኤቹ ፈንገስ ካሳየ ናታማይሲን የካልቸሩን መልስ ሳይጠብቅ ይጀመር፤ ጠርሙሱ ከመጨመሩ በፊት መነቅነቅ እንዳለበት፣ መጀመሪያ ላይም በየሰዓቱ እንደሚጨመር ለታማሚውም ለአስታማሚውም ደግሞ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

ባክቴሪያ ነው ተብሎ ሲታከም ከርሞ ያልተሻለው ታማሚ ከሆነ፣ የቀድሞው ውጤት «ምንም አልታየም» ቢልም እንደገና መፋቅ ይቀድማል፤ ባዮፕሲ የሚከተለው ሁለተኛው ፍቅፋቂም ባዶ ሲሆን ነው። ስቴሮይድ ሲጨመርበት የቆየ ዓይን ከዚህም በላይ መጠርጠር አለበት፤ መቅላቱና እብጠቱ ታፍኖ ስለሚቆይ የሚታየው ቁስለት ከእውነተኛው ያንሳል።

ኮርኒያው ሳስቶ ለመበሳት የደረሰ ከሆነ በጀማሪ እጅ መፋቅ አደጋ ነው። ኮንፎካል ካለ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሌለ ልምድ ያለው ሐኪም በስሊት ላምፕ ሥር ከጠርዙ ብቻ በቀስታ ይውሰድ፤ ወይም ቀዶ ጥገናው የማይቀር ከሆነ የሚነሣው ቁራጭ ራሱ ናሙና ይሁን።

ከመተማ ወይም ከቋራ ጤና ጣቢያ ላለ ባለሙያ ደግሞ ምርጫው ጠባብና ግልጽ ነው። ላብራቶሪ የሌለበት ቦታ ፍቆ ናሙና ብቻ ከመላክ ታማሚውን ራሱን መላክ ይሻላል። ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ጀምሮ መላክ ይቻላል፤ ስቴሮይድ ግን አይሰጥ፤ ዓይኑም በፋሻ ታስሮ አይላክ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የዓይን ሕመም» ከማለት ይልቅ ዓይኑን ምን እንደመታው፣ በስንተኛው ቀን እንደመጣና ምን ምን እንደተጨመረበት ይጻፍ። ታማሚው የቅጠል ጭማቂ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት አድርጎ ከሆነ ሳይቆጡ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የተቆጡት ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀው ነገር ደግሞ ስላይዱ ላይ የምናየውን የእፅዋት ቃጫ ፈንገስ ያስመስልብናል። ቤተሰቡም የተጠቀመባቸውን ጠርሙሶች ሁሉ፣ ባዶዎቹን ጭምር፣ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ይምጣ።